የሐሙሱ ገዢ

ሚዛኑ የሚሉት ሰው መቅናት የጀመረው በቱታ ነው ቢባል ማን ያምናል? ግን እውነቱ ይኸው ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሳሙና ፋብሪካው በቀጠረው ቀን፣ አብሮት ከተቀጠረ አንድ መካኒክ ጋር ዕቃ ግምጃ ቤት ቀረቡና ቱታ ተሰጣቸው። የመካኒኩ ቱታ ደረቱ ላይ ሁለት፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት፣ ጭኑ ላይ ደግሞ መፍቻ የሚይዝ አንድ ረጅም ኪስ ነበረው። የእሱ አንድም የለውም። "አንተ ቆመህ ለምትመዝነው ኪስ ምን ያደርግልሃል?" አለው ቱታ የሚያድለው ሰውዬ። እሱም እሺ ብሎ ለበሰ፤ እጁን የሚያገባበት አጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲያንጠለጥለው ዋለ። ይህን ለሚስቱ እንኳን አልነገራትም። ምን ብሎ ይነግራታል?

ስሙም የወጣለት ከዚያው ሥራ ነው። ከመቁረጫው የሚወርደውን ሳሙና እየመዘነ የጎደለውን ወደ ግራ፣ የሞላውን ወደ ቀኝ ያደርጋል። ፋብሪካው በሙሉ ሚዛኑ ይለው ጀመር፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሆነ። ሳሙና ሲመዝን የዋለ ሰው ደግሞ ልማዱን በር ላይ ትቶት አይወጣም። የሰውን ጫማ ይመዝናል፣ የሰውን ምሳ ዕቃ ይመዝናል። ከሁሉ አብልጦ የሚመዝነው ግን መካኒኩን ነበር፤ በመዘነው ቁጥር እሱ ጎዶሎ፣ መካኒኩ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ።

መካኒኩ ጉረኛ ቢሆን እኮ ደህና ነበር፤ አምቶት ይወጣለት ነበር። ሰውዬው ግን ሳቂታ፣ ሰው ሲቸገር ቀድሞ የሚደርስ፣ ምሳውን እኩል የሚያካፍል ነው። ሚዛኑም ያካፈለውን ዳቦ እየገመጠ፣ እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይቀናበታል። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አይነገርም፤ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይብላላል እንጂ።

የባሰበት አክሲዮን የሚባል ነገር ሲመጣ ነው። ፋብሪካው አክሲዮን ማኅበር ሆነና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስልሳ ስልሳ አክሲዮን ታደለ፤ ከፋብሪካው ድርሻ አላችሁ፣ ሲያተርፍ በዓመት አንድ ጊዜ ትካፈላላችሁ ተባሉ። ሚዛኑ "ወረቀት ታቅፌ ልቀመጥ?" አለና በወሩ ሸጦ አልጋና ቁም ሣጥን ገዛበት። መካኒኩ የራሱን አስቀመጠ። አስቀምጦም አላበቃ፤ ከደመወዙ እያስቆረጠ እየገዛ፣ እየገዛ፣ ዘጠኝ መቶ አደረሰው።

ከዚያ ወዲያ ትርፍ በተከፈለ ቁጥር የሚዛኑ አንጀት ያርራል። አንድ ዓመት መካኒኩ ለልጁ ኮምፒውተር ገዛ። ሌላ ዓመት ጥርሱን አስተከለ። በሦስተኛው ትልቅ ማቀዝቀዣ አመጣ፤ ያንን ማቀዝቀዣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ ያወጣው ማን ነው? ሚዛኑ ራሱ ነው። ወገቡን ሳምንት ሙሉ አመመው። ከወገቡ ይልቅ ያቃጠለው ግን በነጋታው መካኒኩ ቤቱ ጠርቶ "ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" እያለ ከዚያው ማቀዝቀዣ ያወጣውን ውሃ ሲቀዳለት ነው። ውሃው ደግሞ መቀዝቀዙ።

በዓመታዊው ጉባኤ ዕለትም እንዲሁ ነው። ብዙ አክሲዮን ያላቸው ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። መካኒኩ እዚያ ይቀመጣል። ሚዛኑ አንድም አክሲዮን ስለሌለው አዳራሹ የሚገባው ወንበር ሊደረድር ነው። ባለፈው ጉባኤ መካኒኩ የሚቀመጥበትን ወንበር በእጅጌው ሲጠርግ ራሱን ያዘውና፣ እጁን ቆርጦ ቢጥለው ደስ ባለው።

እንግዲህ ሚዛኑ ምስኪን ደሀ አይደለም። እሱና ሚስቱ ሃያ ዓመት የተከራዩት ሁለት ክፍል ቤት አለ፤ አንዱ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የሚስቱ የስፌት መኪና ተቀምጧል። የቤቱ ባለቤት የሆኑት አሮጊት ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው ለመኖር ወሰኑና ባልና ሚስቱን ጠርተው "ለሌላ ሰው ሁለት መቶ ሺህ ብር እለው ነበር። እናንተ ግን ልጆቼ ናችሁ፤ መቶ ሃያ ስጡኝና ውሰዱት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ እንዳትቀየሙኝ" አሏቸው።

በዚያ ሰዓት በሚዛኑ የጡረታ ቁጠባ ውስጥ መቶ አሥር ሺህ ነበር። በሠራተኞች ቁጠባ ማኅበር የተቀመጠ፣ ከሁለቱም ላብ የተጠራቀመ ነው። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ በወር አንድ ሺህ ብር ታተርፋለች። አሥሩን የመቶ ብር ኖት አጣጥፋ፣ ከመኪናዋ ላይ ባለው ሰማያዊ ክር ሦስቴ ጠምጥማ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ፣ ጫፉን በጥርሷ ትቆርጠውና "አስገባልኝ" ብላ ትሰጠዋለች። አሥር ወር ቀርቷታል፤ አሥር ጥቅል። "በአሥረኛው ጥቅል ይኼን መስኮት አሰፋዋለሁ" አለችው፣ መስኮቱን በእጇ እየለካች። "ዓይኔ እስኪጠፋ በጨለማ የሰፋሁት ይበቃል።"

የመጀመሪያውን ጥቅል ይዞ ወደ ቁጠባ ማኅበሩ ቢሮ የወጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ኮሪደሩ ላይ ከአክሲዮን ጸሐፊዋ መስኮት ሥር መካኒኩን አገኘው። መካኒኩ ከደረት ኪሱ ፖስታ አውጥቶ ለልጅቷ አቀበላት፤ ዞር ሲል ሚዛኑን አየና ትንሽ ደንገጥ አለ። "ያው፣ ጉዳይ ነው" አለና ፈገግ ብሎ ሄደ።

ሚዛኑ ቀልቡ ተገፈፈ። ዘጠኝ መቶው አልበቃው ብሎ ሊጨምር ነው። ደግሞስ ለምን ደነገጠ? ርካሽ ነገር አግኝቶ፣ ማንም ሳያውቅበት እየለቀመ ነው ማለት ነው። እግሩ የቁጠባ ማኅበሩን በር አልፎ መስኮቱ ሥር አደረሰው።

"ልጄ፣ የሚሸጥ አክሲዮን አለ እንዴ?"

"ሃያ አለ ጋሼ፤ አሁን የገባ ነው። የአንዱ ዋጋ መቶ አሥር ነው።"

"የፈለገው ሰው አለ?"

"የገዢም የሻጭም ስም አልናገርም። ያውቁ የለ እንዴ?" አለች። እውነቷን ነው፤ ድሮ ሁለት ሠራተኞች በሽያጭ ተጣልተው ወንበር ከተወራወሩ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ ስም መናገር ከልክሏል።

"እኔ መቶ አሥራ አምስት እከፍላለሁ" አላት።

"ጋሼ፣ ሻጩ እኮ መቶ አሥር ነው ያለው።"

"አምስት ብር ጨመርኩ አልኩሽ። ለዚያ ለሌላው እንዳታሳልፊው።"

የትኛው ሌላ እንደሆነ ልጅቷ አልገባትም፤ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ጻፈች። ሰማያዊ ክር የታሰረውን ጥቅል ሳትፈታ በጠርዙ ቆጠረችው፤ የጎደለውን ሚዛኑ ከቁጠባው አውጥቶ ሞላ። የአክሲዮን ወረቀቱን ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ ሲወርድ የሆነ ነገር ከደረቱ ላይ የተነሳለት መሰለው። መካኒኩ መጥቶ ባዶ መስኮት ሲያጋጥመው እያሰበ ብቻውን ሳቀ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ መካኒኩ መስኮቱ ላይ ነበር። ሚዛኑ ከደረጃው ሥር ቆሞ እስኪሄድ ጠበቀና ወጣ። ሃያ አክሲዮን ገብቷል፤ ዋጋው መቶ አሥራ አምስት። መቶ ሃያ ብሎ ነጠቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሐሙስ የሚባለው ቀን ሌላ ትርጉም አጣ፤ መካኒኩ ፖስታ ይዞ ይወጣል፣ ሚዛኑ ይከተላል፣ ዋጋው ይጨምራል። በጨመረ ቁጥር ደስታው። ባዶ የሳሙና ካርቶን ላይ እየደመረ "በመቶ አሥራ አምስት የገዛሁት ዛሬ መቶ ሠላሳ አምስት ገባ" ይላል ለራሱ። ዋጋው እጥፍ ሲደርስ፣ ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ግማሹን ሸጦ ቤቱን ይገዛል፤ በቀረው ግማሽ ከፊት ረድፍ ይቀመጣል። መካኒኩ ያኔ ከየት አምጥቶ ይስተካከለው? ይህ ሁሉ ለሚስቱ ድንገተኛ ደስታ ሊሆን ነው። ሚስቱ ግን በየወሩ ጥቅሏን ትሰጣለች፣ "ስንት ደረሰልን?" ትላለች፣ እሱም "እየሞላ ነው" ይላል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መካኒኩ ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ገፋለትና ዙሪያውን አየት አየት አደረገ። "ስማ ሚዛኑ፣ ይኼን ለሌላ ሰው አልናገርም። አክሲዮን ካለህ ሽጥ።"

"ለምን?"

"ቦይለሩ። ሳሙናው የሚፈላው በዚያ ቦይለር እንፋሎት ነው፤ እሱ ካቆመ ሁሉም ቆመ። ሆዱ ተበልቷል፤ እኔ ነኝ ውስጡ የምገባው። ለሥራ አስኪያጁ ብነግረው ገንዘብ የለም፣ አፍህን ያዝ አለኝ። አንተ ግን ወንድሜ ነህ።"

ከዚህ በላይ ሰው ምን ይበለው? አሁን ይህን የሰማ ደህና ሰው ተነስቶ እግሩን ይስመው ነበር። ሚዛኑ ግን ዳቦውን እያላመጠ ይመዝናል። አሃ። ሐሙስ ሐሙስ እየነጠቅኩት ሲቸግረው፣ አስፈራርቶ ሊያስሸጠኝና በርካሽ ሊሰበስብ ነው። ወይ ብልጠት። ደግሞ ወንድሜ ይለኛል።

"እኔ ምን አክሲዮን አለኝ? ድሮ አልጋ ገዛሁበት እኮ" አለው።

"እሰይ፣ ተገላገልክ" አለ መካኒኩ፣ ከልቡ ደስ ብሎት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሚዛኑ ሠላሳ ገዛ።

አሥረኛው ጥቅል እጁ በገባበት ወር ዘጠኝ መቶ ሞላ፤ የመጨረሻውን በመቶ ስልሳ ነው የወሰደው። በቁጠባው ውስጥ አንድ ሳንቲም አልቀረም። ጉባኤው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ሱፉን ለልብስ ንጽሕና ሰጠ። ማታ ማታ ሳይሆን ቀን በሥራ ላይ ሳለ ነበር የሚያልመው፤ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ወደ ኋላ ዞር ይላል፣ መካኒኩ ያየዋል፣ ፈገግታው ይጠፋል። ፈገግታው ጋ ሲደርስ ደጋግሞ ያልመዋል።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ቦይለሩ ፈነዳ። እግዜር ሲያወጣ ሁሉም ሻይ ላይ ነበሩ፤ ሰው አልተጎዳም። የግድግዳው ግማሽ ግን የለም። ፋብሪካው ላልተወሰነ ጊዜ ተዘጋ፣ ጉባኤው ተሰረዘ፣ ሠራተኛው በግማሽ ደመወዝ ቤቱ ገባ። የዓመቱ መጨረሻ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል።

ሚዛኑ ጸሐፊዋ መስኮት ላይ ላቡ እየተንጠባጠበ ደረሰ። "ልሽጥ። ሁሉንም። በገዛሁበት ይሁን፤ ባይሆን በመቶ። እሺ በሃምሳ።"

ልጅቷ በሐዘን አየችው። "ጋሼ፣ ገዢ የለም እኮ።"

"ዓመቱን ሙሉ ነበረ አይደል እንዴ? ዋጋው ሲጨምር አልከረመም?"

"የጨመሩት እርስዎ ነዎት። ዓመቱን ሙሉ የገዛው እርስዎ ብቻ ነዎት ጋሼ። አንድ ሰው ይሸጣል፣ እርስዎ ይገዛሉ፤ ሌላ ማንም ወደዚህ መስኮት አልመጣም።"

መስኮቱን ይዞ ቆመ። ታዲያ ያ ሰውዬ ሐሙስ ሐሙስ ፖስታ ይዞ ምን ሊሠራ ነው ሲመላለስ የከረመው? ጥያቄው መጣበት፤ መልሱም ተከትሎት ሲመጣ አየውና ፊቱን አዞረ።

ለሚስቱ ቁጠባ ማኅበሩ ኦዲት ላይ ነው፣ ለጊዜው ገንዘብ አይከፍልም አላት። እሷ የማትሸነፍ ሴት ናት። "ስንት ቀን ነው?" አለችው። "ሁለት ሳምንት" አላት። አሮጊቷን ለመነች፤ አሮጊቷም ሌላ ገዢ ደጅ ቆሟል፣ ከእሑድ አላሳልፍም አሉ። እሑድ ከምሳ በኋላ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ጫማ አደረገች።

"ተነስ፣ መካኒኩ ጋ እንሂድ። ለሁለት ሳምንት ቢያበድረን ምን ይላል?"

"እኔ የእሱን ደጅ አልጠናም" አለ ሚዛኑ። 

"አንተ አትጥና፤ እኔ እጠናለሁ። አንተ አጠገቤ ተቀመጥ።"

ሄዱ። ሦስተኛ ፎቅ። ማቀዝቀዣው በሩን እንዳለፉ ቆሟል። የመካኒኩ ሚስት ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበች፤ መካኒኩ በቱታው እንዳለ የቧንቧ ክዳን ሲጠግን ነበር፣ እጁን ጠረግ ጠረግ አድርጎ ተቀበላቸው። የሚዛኑ ሚስት ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችው፤ አሮጊቷን፣ ኦዲቱን፣ እሑድን።

"ለዚህ ነው እንዴ?" አለ መካኒኩ። "ገንዘቡ እኮ ቤቴ ውስጥ ተኝቷል።" የመሣሪያ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አመጣ። "አክሲዮኔን ሁሉ በዓመቱ ውስጥ ሸጥኩት፤ ቦይለሩን ስለማውቀው። ለዚህ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፤ ደግነቱ እሱ ምንም አልነበረውም። ማን እንደገዛኝ ግን አላውቅም። ልጅቷ ስም አትናገርም። አንዳንድ ቀን ይከነክነኛል እላችኋለሁ፤ ምስኪን፣ የቤተሰብ ሰው ይሆናል።"

ሣጥኑን ከፈተው። ከመፍቻዎቹ ጎን በላስቲክ የታሰሩ ብሮች ነበሩ፤ ከእነሱ ላይ ደግሞ አሥር ትንንሽ ጥቅሎች፣ በሰማያዊ ክር የተጠመጠሙ። "እንደተሰጠኝ ነው ያለው፤ አልፈታሁትም" አለ መካኒኩ፣ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረላቸው።

የሚዛኑ ሚስት አንዱን አነሳች። ገለበጠችው። ሁለቴ የተቋጠረውን ክር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ የተቆረጠውን ጫፍም አየችው። ሰው የገዛ እጁን ቋጠሮ አይስተውም። ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

"ሁሉንም ለአንድ ሰው ነው የሸጥከው?" አለች መካኒኩን።

"ዘጠኝ መቶውንም ለአንድ ሰው።"

"ስንት ሆነልህ?"

"መቶ ሃያ ሺህ ምናምን።"

ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች። ሚዛኑ ወለሉን ያያል። ጉድ እኮ ነው፤ በዚያች ደቂቃ እንኳ፣ ቤቱ በአፍንጫው ሥር ሲያልፍ፣ እሱ የቀናው የመካኒኩ ሚስት ባሏን በኩራት ስታየው አይቶ ነው። እንዲያ የሚያየኝ የለም ብሎ።

"እንግዲያውስ አበድረን" አለች ሚስቱ፣ ቃሏን እየመረጠች። "ለሁለት ሳምንት አይደለም። ኦዲቱ ሊቆይ ይችላል። ጡረታው ሲወጣ በየወሩ እየቆረጠ ይከፍልሃል።"

"ኧረ ሲመቻችሁ" አለ መካኒኩ።

"አይሆንም። ይፈርማል።"

ወረቀት መጣ። መካኒኩ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ለሚዛኑ ሰጠው፤ ሚዛኑ ፈረመ። የፈረመበትን እስክሪብቶ ሲመልስ መካኒኩ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "አይዞህ፣ ወንድም አይደለን?" አለው።

ቦርሳውን ሚስቱ ናት የያዘችው። አሮጊቷ ቤት እስኪደርሱ መንገዱ ረጅም ነው። ዳቦ ቤቱን አልፈው መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቆመች።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይኼ ሰው ምን አድርጎህ ነው?"

ሚዛኑ ሊመልስላት ፈለገ። ሃያ ስድስቱን ዓመት ወደ ኋላ ፈተሸው። ዳቦው አለ፣ ማቀዝቀዣው አለ፣ ቀዝቃዛው ውሃ አለ፣ ምክሩ አለ። የበደለውን አንድ ነገር ፈልጎ አጣ፤ እየፈለገ፣ እየፈለገ፣ ከሁሉም በታች የመጀመሪያው ቀን ላይ ደረሰ።

"ቱታው ኪስ ነበረው" አላት። "የእኔ አልነበረውም።"

 ቁጣ የሚመጣ መስሎት ጠበቀ፤ አልመጣም። ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ኪስ እኮ እኔ እሰፋልህ ነበር" አለችው።